የራዓድ ኮምፒውተርና የዓርቡ እንግዶች

እሁድ፣ ሰኔ 27

ሙቀት። ሌላ ምን ይጻፋል? ትምህርት ቤት ተዘግቷል። የጂኦግራፊ ካርታዎቼ ተጠቅልለው ቁም ሳጥን አናት ላይ ተኝተዋል፣ እኔ ባሚያ ስቀነጥስ ዋልኩ። የባሕሩ እርጥብ ነፋስ ጀምሯል… በር ሲከፈት ፊት ላይ የራሰ ፎጣ የጣሉብህ ይመስላል። ባስራን በዚህ ወር የሠራት ሰው ምን አስቦ ነው?

ባሌ ራዓድ ምሳውን በልቶ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉን ጀመረ። ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ ይበራሉ። የፈለጋት ፊደል ስትበራ ቁልፏን ይጫናል… ጠቅ። ከአንገቱ በታች የምትታዘዘው የቀኝ እጁ አንድ ጣት ብቻ ናት። ጠቅ… ጠቅ… “ባሚያው” ብሎ ሲደርስ “ጣፈጠህ?” አልኩት። ዓይኑን ገለበጠብኝ። ቀጠለ። “ባሚያው ባሕር ነው።” ጨው በዛ ማለቱ! ሹሩቅ፣ የአባቷ ልጅ፣ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ተናደድኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሩብ ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ለነገር ጊዜ እንዴት ይተርፈዋል? የዓሣ ጨረታ ጠሪ በነበረ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ያኔ ግን፣ ሕመሙ ድምፁን ሳይወስደው፣ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

አትጨርሺልኝ ብሎ ስንቴ ጽፎልኛል። እኔ ደግሞ እጨርሳለሁ። ምን ላድርግ፣ መጠበቅ አልተፈጠረልኝም።

ኮምፒውተሩ ወደ ማታ ራሱን አጠፋ። ድርግም። ስናስነሳው ደህና ሆነ። ሙቀቱ ይሆናል…

ማክሰኞ፣ ሰኔ 29

ቀኑ ተቆረጠ! ከሚመጣው ዓርብ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ ሐምሌ 9፣ የሲናን ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሹሩቅ ሳህን እያጠበች ታንጎራጉራለች፣ የሰማኋት አይመስላትም። ሲናን ወደብ ላይ የጎታች ጀልባ መካኒክ ነው። ጥፍሩ ሥር ግሪስ አለ፣ ዓይኑ ግን ንጹሕ ነው። ራዓድ ይወደዋል። ዛሬ ጠዋት ጻፈ፦ “መልሱን እኔ ራሴ እሰጣለሁ።” ሳልጨርስለት ጠበቅኩ። አንዴ።

ከሰዓት ሐጂ ሙህሲን መጣ፣ የራዓድ ታላቅ ወንድም። ገና ሳይቀመጥ ወደኔ ዞሮ፣

“እንዴት ነው? ይበላል? ይተኛል?”

ራዓድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ስለ ታመመ በሬ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

“ይጠይቁት፣ ይመልስልዎታል” አልኩት።

“ኤዲያ፣ አታድክሙት። ዓርብም እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይረፍ።”

“ሐጂ፣ አባቷ እኮ በሕይወት አለ።”

“ይኑርልን! ግን ሽማግሌ ፊት ሳጥን ይናገር? ሰው ምን ይለናል፣ ኡም ሹሩቅ? ደግሞ ጋዝዋን እያለ ለባዕድ መስጠቱን… እሱን እናየዋለን።”

እናየዋለን! ጋዝዋን ልጁ ነው። የአጎት ልጅ “አልፈቅድም” ካለ ጠያቂው እንደመጣ ይመለሳል፣ ናህዋ የሚሉት ልማድ ነው። እምቢ ብሎ ያገባ ሰው በሩ ላይ ጥይት ይተኮስበታል። ሕግ ከልክሎታል። ሕግ ግን እኛ ሰፈር ሲመጣ አይቼው አላውቅም። ሐጂን የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አባት በራሱ ቃል ሽማግሌ ፊት ከሰጠ። ራዓድ ዝም ካለ ግን ቃሉ የታላቅ ወንድሙ ነው።

ሐጂ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሁለት ጊዜ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ልቤ አልወደደውም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

ጠዋት ጭራሽ አልነሳ አለ። የመንግሥት መብራት ደክሟል፣ ቬንትሌተሩ ክንፉ ይቆጠራል። ከሳጥኑ ጀርባ መብራት የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ‘ሲ-ሲ-ሲ’ ብሎ ዝም። ራዓድ ያየኛል። እኔ ሳጥኑን አያለሁ።

ይሄ ሳጥን ከሄደ ምን እናደርጋለን? ቁልፏንም ፕሮግራሙንም የሠራለት ጓደኛው ኒዛር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሞቷል። ቁልፏ የምትሰካበት ሰፊ ቀዳዳ ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒውተሮች ላይ የለም። ፕሮግራሙንም ሌላ ሰው አያውቀውም። ስልክም ታብሌትም ሞክረናል፣ ጣቱ ተንሸራታ ትቀራለች።

ሹሩቅ መፍትሔ አመጣች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን። ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ ቀይ መግፊያ አለች፣ በአንድ በኩል 230፣ በሌላ በኩል 115። መብራት ሲደክም ወደ 115 ትገፋለች፣ በደካማ መብራትም ይነሳል። የጀነሬተሩ መብራት ከመምጣቱ በፊት ግን መመለስ አለባት፣ ጀነሬተሩ ሙሉ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የመቀየሪያ እጀታ ከመንግሥት ወደ ጀነሬተር ከማዞራችን በፊት ማለት ነው።

“ከረሳን?”

“አንረሳም እማ። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ፣ ጨርቁን ስናይ እናስታውሳለን።”

ገፋቻት። ተነሳ! እንደ ልጅነቱ። ራዓድ የመጀመሪያ ቃሉ “ጨው” ነበር። ይቅርታ አድርጌለታለሁ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 2

መጻፍ አለብኝ፣ አለዚያ እፈነዳለሁ።

ሐጂ ሙህሲን ከስግደት በኋላ ምሳ ሊበላ መጣ። ራዓድ ሲያየው ጽሑፍ ጀመረ። “ሙህሲን” ብሎ ጻፈ፣ ክፍተት፣ ቀጥሎ ሊጽፍ ሲል መብራት ሄደ። እኔ ወጥ ቤት። ሹሩቅ ጓሮ። በየቤቱ እንዳለው ልማድ ነው፣ እጀታው አጠገብ የተቀመጠ ሰው እንግዳም ቢሆን ተነስቶ ያዞረዋል። ሐጂ ተነሳ። ዘወር አደረገው።

ጧ!

ጥይት መሰለኝ። ሮጬ ስገባ ከሳጥኑ ጀርባ ነጭ ጭስ፣ ራዓድ ዓይኑ ፈጦ፣ ሐጂ እጀታውን እንደያዘ… እጁ ውስጥ ቀዩ ጨርቅ።

“ጨርቁን አላየኸውም?!” አልኩ። አንተ አልኩት፣ ታላቁን።

“አየሁት፤ እጀታው እንዳይለበልበኝ ለመያዣ ያሰራችሁት መስሎኝ…”

“መሰለህ! አፉን ዘጋህለት! ደስ ይበልህ፣ አሁን ዓርብ ብቻህን ትናገራለህ!”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሐጂ አመድ መሰለ። ዳቦውን ሳይቆርስ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ሆን ብሎ ነው? እጀታ በጨርቅ የሚይዝ ሰው ስንት አለ? …ብዙ አለ። እኔም በበጋ በጨርቅ ነው የምይዘው። ግን ለምን ዛሬ? ለምን ራዓድ ስሙን ጽፎ ሊቀጥል ሲል?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኛ ነን እሷ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 3

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ያቺ ‘ጠቅ’ ይህን ያህል ቤት ትሞላ ነበር?

እሁድ፣ ሐምሌ 4

ፊራስን ጠራሁት፣ አሻር ገበያ ኮምፒውተር የሚጠግነውን። ሆዳም ነው፣ ቀልደኛም ነው፣ ዛሬ ግን ሳጥኑን ከፍቶ ሲያሸተው አልቀለደም። ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ አሳየኝ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሆዳቸው ተነፍቷል፣ አንዱ ፈንድቶ አንጀቱ ወጥቷል።

“ቀይዋን ገፍታችኋታል አይደል?”

ዓይኔን ወደ ግድግዳው እጀታ አዞርኩ።

“ተዪው፣ አትናገሪ። በዚች ቀይ ነገር የቀበርኩት ኮምፒውተር የመቃብር ቦታ ሞልቷል።”

“ሌላው ደህና ነው? ማዘርቦርዱ? የኒዛር ፕሮግራም?”

“ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ነው፣ ይተርፋል። ማዘርቦርዱን ግን አላህ ነው የሚያውቀው። እሱ ከሄደ ያ ሰፊ ቀዳዳም አብሮ ሄደ። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሳንሰካለት አናውቅም።”

“ስካው እንግዲህ!”

“ከሱቄ ነገ አመጣለሁ። ቡሽራ፣ እህቴ፣ እስከዚያ ተንፍሺ።”

መተንፈስ! ዓርብ እየመጣ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 5

ፊራስ አዲሱን ይዞ መጣ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ቀይ መግፊያ የለውም፣ ቮልቴጁን ራሱ ያውቃል አለ። ከአሮጌው ሳጥን ውስጥ አልገባም፣ ይወፍራል። “ውጭ ይቀመጣላ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ” አለ። ሶኬቱን ማዘርቦርዱ ላይ አስጠጋ። ልክ ነው። እንደ ቁልፍና ጓንጉል። ሊጫነው ሲል እጁ ቆመ።

“ምነው?”

አልመለሰልኝም። የሞተውን ሶኬት አነሳ፣ የአዲሱን አነሳ፣ ጎን ለጎን ያዛቸው። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ።

“የሽቦው ቀለም ተራ አይገጥምም። ይሄን ሳጥን የሠሩት ሰዎች በዚያን ዘመን ሽቦውን በገዛ ተራቸው ነበር የሚደረድሩት። ሶኬቱ ይገባል፣ መብራቱ ግን የማይሄድበት ይሄዳል። ተጭነነው ቢሆን…” በአፉ ‘ፑፍ’ አለ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

የዚህን ዓይነት ፓወር ሰፕላይ ገበያ ለገበያ ፈለግን። ከጦር ካምፕ የወጣ ቁርጥራጭ የሚሸጡት ጋ ሁሉ ሄድን። አንዱ “ትናንት ነበር” አለ። ባስራ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ሁሉ ትናንት ነበር።

ሐጂ ሰው ልኳል፦ “ዓርብ በጊዜ እመጣለሁ። ታላቁ እኔ ነኝ፣ እንግዶቹን እኔ እቀበላለሁ።” ይኸው። ምን ትያለሽ አሁን፣ ቡሽራ?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6

ራዓድ የሚናገረው ነገር አለው። ከዓርብ ጀምሮ ዓይኑ ላይ አያለሁ። ፊደል በቃሌ ልቆጥርለት ተቀመጥኩ፣ የፈለጋት ስትመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ሽማግሌ ፊት ግን ይህ አይሠራም፣ የሚስቱ ቃል ነው ይላሉ። “ሙ” ላይ ጨፈነ።

“ሙ… ሙቀት? ቬንትሌተሩን ላዙርልህ?” አልጨፈነም። “ሙዝ? ሙዝ አማረህ?” አልጨፈነም። እንደ ቆሰለ ሰው አየኝ። አፌን ዘግቼ ቀጠልኩ። “ህ” ላይ ጨፈነ።

ሙህሲን።

“ምን ላድርገው ሙህሲንን?” ፊደል፣ ፊደል፣ ፊደል… “ጥሪው።”

“አልጠራውም!” አልኩ። ጮህኩበት፣ መልሶ መጮህ በማይችል ሰው ላይ። “አፍህን የዘጋውን ሰው? ልጅህን ሊወስድ ያሰፈሰፈውን? ምን ልትለው ነው፣ እጄን ሰጥቻለሁ?”

ዓይኑን ጨፈነ። እሺ ማለቱ ነው ወይስ ሰልችቼው? አላወቅኩም። ብዙ ጊዜ ሳይገልጠው ቆየ።

ተስፋ ቆርጦ ይሆን? ለወንድሙ ሊተውለት? ከእንቅልፍ ጋር ተጣልቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 7

ፊራስ ጠዋት መጥቶ እንዲህ አለ፦ “አንድ መንገድ አለ። የአዲሱን ሶኬት ሽቦዎች አንድ በአንድ ነቅዬ በአሮጌው ተራ መልሼ እተክላለሁ። አንዷ ከተሳሳተች ግን ሳጥኑንም እኔንም እርሺን።”

“ተራውን በምን ታውቃለህ?”

“ከሞተው ላይ ነዋ። አንቺ የካርታ አስተማሪ አይደለሽ? ሳይልኝ።”

ሳልኩለት። ሁለት ረድፍ ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው የሽቦው ቀለም፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን፣ ጥቁር… ከተማሪዎቼ እርሳስ ሳጥን ቀለም አውጥቼ አቀለምኩት። ፊራስ በልብስ መርፌዬ እየጎረጎረ ይነቅላል፣ እኔ እያነበብኩ ይተክላል። ሹሩቅ ፊታችን ላይ በካርቶን ታራግባለች። ራዓድ ከወንበሩ ያያል።

የመጨረሻዋን ሽቦ ሲተክል “ቢስሚላህ” ብሎ ሶኬቱን አነሳ። ካርታዬን አየሁት። ቆንጆ ነው። ቀለሙ፣ መስመሩ… ግን አንድ ነገር ጎደለው። ተማሪዎቼን ስንት ዓመት የምጮህባቸው ነገር፦ መጀመሪያ ሰሜንን አድርጉ!

“ቁም!”

“ምን?”

“እኔ ስስለው ሶኬቱን ከየት በኩል ነበር የያዝኩት?”

ተያየን። እኔ የሳልኩት ከጀርባው፣ ሽቦው ከሚገባበት በኩል። እሱ የተከለው ፊቱን ወደ ራሱ አዙሮ። ቀኙ ግራ ሆኗል፣ ሁሉም! አሥሩም፣ ሃያውም!

ፊራስ ሶኬቱን ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ፊቱን በሸሚዙ ጠረገ። “አንቺ ሴትዮ… የሰሜንሽ ያለህ!” ብሎ ሳቅ ጀመረ፣ እኔ ግን ማልቀስ ነው የመጣብኝ። አለቀስኩም። ከዚያ ከመጀመሪያው ነቅለን ከመጀመሪያው ተከልን። ጣቱ ደማ፣ መርፌዬ ተጣመመች።

ሲጨርስ አመሸና “ዛሬ አናበራውም” አለ። “ደክሞኛል። የደከመ ዓይን ያየውን አላምንም።” ልክ ነው። ግን እስከ ነገ እንዴት ልደር?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

ጀነሬተሩ እስኪረጋ ጠበቅን። ፊራስ በቴስተር ለካ፣ ደግሞ ለካ። ሹሩቅ ጆሮዋን ይዛለች። ቁልፉን ተጫነ…

የሳጥኑ ትንሿ ቬንትሌተር ዞረች። ስክሪኑ ጥቁር። ጥቁር። ጥቁር… አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ አለች።

በራ!

ፊራስን አቀፍኩት፣ ነውር ነው፣ አቀፍኩት። ራዓድ ወዲያው ጻፈ። ስክሪኑ ላይ አጎነበስኩ። “ፊራስ ምሳ በልቷል?” ብሎ ጻፈ።

ስለ ሙህሲን ግን አልጻፈም። “ለምን ነበር ጥሪው ያልከኝ?” ብዬ ጠየቅኩት። “ነገ” ብቻ አለ። አንዲት ቃል። ይህን ባል አላህ የሰጠኝ ለቅጣት መሆን አለበት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 9

ከየት ልጀምር?

ከሽማግሌዎቹ። ሰባት ሰዎች፣ መሪያቸው ሰይድ ሃሺም፣ ሲናን በር አጠገብ አንገቱን ደፍቶ። ወንዶቹ እንግዳ ክፍል፣ እኔና ሹሩቅ ገርበብ ካለው በር ጀርባ። ራዓድን በነጭ ልብሱ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥነው፣ ስክሪኑን ወደ እንግዶቹ አዞርን፣ ሁሉም እንዲያነብ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ የብስኩት ቆርቆሮው ላይ። ሐጂ ሙህሲን ካባውን ደርቦ ከወንድሙ ጎን። ከዚያች ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም። ዛሬም “ሰላም ለናንተ” ያለው ለበሩ ነው።

ሰይድ ሃሺም ስኒውን ተቀበለ፣ ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠ። የመጡበት ሳይፈጸም አይጠጣም። ባለቤቱ “ቡናህን ጠጣ” ካለ ተሰጥቷል ማለት ነው።

“የመጣነው ለልጃችን ልጃችሁን ፈልገን ነው” አለ።

ሐጂ ጉሮሮውን ጠረገ። አፉን ከፈተ…

ጠቅ።

ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጠቅ… ጠቅ… ሽማግሌዎቹ ሲጠብቁ አየሁ፣ እነዚህ ከአፍ ላይ ቃል የሚነጥቁ ሰዎች። ሹሩቅ ክንዴን ይዛ ጥፍሯን ሰካችብኝ። ፊደል በፊደል ወጣ፦

“ሙህሲን ይናገርልኝ።”

ሰጠው! ያን ሁሉ ለፍተን፣ ቀኝና ግራ ስንነቅል ስንተክል ከርመን፣ ቃሉን አውጥቶ ለሱ ሰጠው! ሹሩቅ እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። አላየኋትም፣ ማየት አልቻልኩም።

ያን ጊዜ መብራት ሄደ።

ስክሪኑ ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። ክፍሉ ወዲያው እንደ ምድጃ ጋለ። እጀታው አጠገብ የተቀመጠው ሐጂ ሙህሲን ነው። ተነሳ። እጁን ዘረጋ… ቆመ። ወደ በሩ ዞረ።

“ኡም ሹሩቅ፣ ልንካው?”

ድምፁ! ይህን ሰው ስንት ዓመት አውቀዋለሁ፣ እንዲህ ሲለማመጥ ሰምቼው አላውቅም። የዚያን ቀኑ ‘ጧ’ ለካ እሱም ውስጥ ፈንድቷል።

“ይንኩት ሐጂ። ምንም አይሆንም።”

አዞረ። ገና ሳይበራ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፣ አይቼዋለሁ። መብራት መጣ። ኮምፒውተሩ ግን እስኪነሳ ዘመን ይፈጃል፣ አሮጌ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትዕግሥቱ አለቀ።

“ሐጂ፣ ወንድምህ ቃሉን ላንተ ሰጥቷል፣ ሁላችንም አንብበናል። ተናገርና ይለቅ።”

አሁን ነው ያለቀው አልኩ። ጋዝዋን ብሎ ይጀምራል። በሩን ከፍቼ ልግባ? ገብቼ ምን ልበል? ራዓድ የፈለገው እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው ብዬ ልጨርስለት? ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ እንዴ? ‘ሙ’ ሲል ሙዝ ያልኩት እኔ አይደለሁ? በሩን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ሐጂ ግን ወንድሙን እያየ ነበር። ፊቱን ሳይሆን እጁን።

“አልጨረሰም” አለ። “ጣቱን እዩ። ስክሪኑ ከጠፋ ወዲህ ቁልፏን እየተጫነ ነው።”

እውነት ነው። ባዶ ስክሪን ፊት… ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እኔ አላየሁትም። እሱ አየው።

ጠበቁ። ሁሉም። ላብ በጢማቸው ይወርዳል፣ ማንም አልተነቃነቀም። ፊደሎቹ ተመልሰው በሩ። ራዓድ ከቆመበት ቀጠለ። ሁለት ቃል፦

“እሺ ይበል።”

ሐጂ ስክሪኑን አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ገባኝ፣ ያኔ ነው የገባኝ! ራዓድ ራሱ እሺ ቢል ወንድሙ በሽማግሌ ፊት ተሸንፎ ይወጣ ነበር፣ ቂሙ ደግሞ ሹሩቅ ደጃፍ ይጠብቅ ነበር። እሱ ግን እሺን በታላቁ አፍ አስቀመጠለት። ያ የዓሣ ጨረታ ሰው! ግን ብልጠት ብቻም አልነበረም። ራዓድ ወንድሙን ሲያየው አይቻለሁ። እየለመነው ነበር። ሐጂ እምቢ ማለት ይችል ነበር፣ አፉ የራሱ ነው።

ሐጂ አንገቱን ደፋ። ካባውን አስተካከለ። ድምፁ ቅጥን ብሎ ወጣ።

“ሰይድ ሃሺም… ቡናችሁን ጠጡ።”

እልልታውን የለቀቅኩት እኔ ነኝ መሰለኝ። ሹሩቅ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ውስጥ የቃል ኪዳኑ ጸሎት፣ ፋቲሐ፣ እየተቀራ ነበር፣ እኔ ምንም አልሰማም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 12

ሐጂ ሙህሲን ዛሬ ብቻውን መጣ። የሰቡር ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። በሩ ላይ ሰጠኝና ቆመ።

“ያን ቀን… ጨርቁ…”

“አውቃለሁ ሐጂ። በኔ ይሁን፣ ያልኩትን ይርሱልኝ።”

“ረስቼዋለሁ” አለ። አልረሳውም። እኔም አልረሳውም። ግን አልን፣ ተባባልን፣ ቀለለኝ።

ገባ። ይበላል ወይ፣ ይተኛል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ወንበር ስቦ ከራዓድ ጎን፣ ስክሪኑ በሚታየው በኩል ተቀመጠ።

“ራዓድ” አለ። “ጋዝዋን ከዓርብ ወዲህ አያናግረኝም። ካንተ ቤት መጥቻለሁ ብለው ቤቱን ያፈርሰዋል። ልጅ ነው፣ ልቡ ተሰብሯል። ምን ልበለው?”

ዝም አለ ከዚያ። ሙህሲን፣ ዝም! እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ጠቅ።

የመጀመሪያዋን ፊደል ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት። ቀሪው ቃል በራሱ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። በሩን ዘግቼ ዓሣውን ላጸዳ ወጥ ቤት ገባሁ።

የዐስር፣ የከሰዓቱ ስግደት እስኪጠራ ድረስ አብረው ነበሩ። ምን እንደጻፈለት አላውቅም።